ጋልቬስተን፦ ከማዕበሉ በፊት የነበሩት ዓመታት



ከዚህ ከሂውስተን ተነሥተን በአርባ አምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ስንነዳ በአንድ ሰዓት ገደማ ጋልቬስተን እንገባለን። በሙቀቱ ወራት ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድባት፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣ ባሕር የምናሳይባት ከተማ ናት። እዚያ ስንደርስ ልጆቹ የሚሮጡት በአንድ ረጅም የባሕር ግንብ ላይ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ያ ግንብ ከመሠራቱ በፊት ስለሆነው ነገር ነው። በአውሎ ነፋስ ሳቢያ በአንድ ቀንና በአንድ ሌሊት ስድስት ሺህ፣ ምናልባትም አሥራ ሁለት ሺህ ሰው አልቋል። አብዛኞቹ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚይዙት ቁጥር 8,000 ነው። በአሜሪካ ታሪክ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አንድ የተፈጥሮ አደጋ ይህን ያህል ሰው ገድሎ አያውቅም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1900 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 1892 ዓ.ም. ይሆናል፤ የሩፋኤል ዕለት ማለት ነው። በአገራችን ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው፣ የበረከት ነው በሚባለው ዝናብ ውስጥ የሚሯሯጡበት ቀን ነው። በጋልቬስተንም የዚያን ቀን ጠዋት ልጆች ጎዳና ላይ በገባው የባሕር ውኃ ይንቦራጨቁ ነበር። ወላጆቻቸውም ቆመው ያዩዋቸው ነበር፤ ውኃ መንገድ ላይ መግባቱ ለከተማዋ ሰው አዲስ አልነበረምና። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ አውሎ ነፋስ ስናወራ ጥፋቱን ሁሉ ለነፋሱና ለባሕሩ መስጠት ይቀናናል። እኔ ግን የታሪኩን መዝገብ ሳገላብጥ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ማዕበሉን ሊያስቆም የሚችል ሰው አልነበረም፤ ያን ያህል ሕዝብ እንዳያልቅ ማድረግ ግን ይቻል ነበር። ከአደጋው በፊት በነበሩት ሃያ አምስት ዓመታት ከተማዋ ደጋግማ ተነግሯታል። ጎረቤቷ በዓይኗ ፊት ስትጠፋ አይታለች፤ የመከላከያውንም ዘዴ ታውቀው ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ማዕበሉ ወዴት እንደሚሄድ በትክክል የገመቱ ሰዎች ነበሩ። ሰሚ ግን አልተገኘም።

ጋልቬስተን የተሠራችው በጠባብ የአሸዋ ደሴት ላይ ነው። በአንድ ወገኗ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ በሌላው ከየብሱ የሚለያት የባሕር ወሽመጥ ይከባታል። በ1900 ከ37,000 በላይ ሰው ይኖርባት ነበር። ያኔ የከተማዋ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር ወለል 2.7 ሜትር ብቻ ከፍ ይል ነበር። ይሁንና ባለጸጋ ከተማ ነበረች። የቴክሳስ ጥጥ ወደ ዓለም የሚወጣው በወደቧ ነበር፤ ባንኮቿና የንግድ ቤቶቿ በመላው ደቡብ ምዕራብ የታወቁ ነበሩ። የቴክሳስ ባሮች ነፃ መሆናቸው የተነገረውም ጁን 19 ቀን 1865 በዚህችው ከተማ ነው። ዛሬ መላው አሜሪካ የሚያከብረው የጁንቲንዝ በዓል መነሻው ይኸው ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ልውሰዳችሁ። ከጋልቬስተን በስተደቡብ ምዕራብ፣ በዚሁ በቴክሳስ ጠረፍ ላይ፣ ኢንዲያኖላ የምትባል ወደብ ነበረች። የጋልቬስተን ተፎካካሪ ነበረች። በ1875 አውሎ ነፋስ መታት፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ። የተረፉት እንደገና ሠሯት። በ1886 ሌላ አውሎ ነፋስ መጣና ከእሳት ጋር ተባብሮ ጨረሳት። ነዋሪዎቿ ጥለዋት ሄዱ፤ ዛሬ ኢንዲያኖላ የምትባል ከተማ የለችም።

የጋልቬስተን ሰዎች ይህን ሲያዩ ደነገጡ። ነጋዴዎቿ ተሰብስበው የባሕር ግንብ ይሠራ ብለው ተስማሙ። ሐሳቡ በቂ ነበር፤ ገንዘቡም ለዚያች ሀብታም ከተማ የሚከብድ አልነበረም። ነገር ግን ወራት አለፉ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ንግዱ ደራ፤ የግንቡም ነገር ቀረ። አባቶቻችን «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት ይህን መሳዩ ሰዓት እንዳያመልጥ ነው። ያ እርጥብ ጊዜ ደረቀ፤ ግንቡም ሳይሠራ አሥራ አራት ዓመት አለፈ።

ለዚህ ዝምታ ትልቅ መሸፈኛ የሆነ አንድ ጽሑፍ አለ። በጋልቬስተን የመንግሥት የአየር ጠባይ ቢሮ ኃላፊ አይዛክ ክላይን ይባል ነበር። ሐኪምም፣ አስተማሪም የነበረ፣ የተከበረ ምሁር ነው። በ1891 በከተማዋ ጋዜጣ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። አውሎ ነፋስ ጋልቬስተንን ክፉኛ ይጎዳል ብሎ መፍራት ከንቱ ቅዠት ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ምክንያቱንም አስረዳ። ከደሴቷ ፊት ለፊት ያለው ባሕር ጥልቀት የሌለው፣ ቀስ እያለ የሚዘቀዝቅ ነው፤ ስለዚህ ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ጉልበቱ ይሰበራል አለ።

እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። አውሎ ነፋስ በጥልቅ ባሕር ላይ ሲሄድ የሚገፋው ውኃ ወደ ታች ሰርጎ ይመለሳል። ባሕሩ ጥልቀት ሲያጣ ግን ውኃው መውረጃ ስለሌለው ወደ ላይ ይቆለላል፤ ከዚያም የብስ ላይ ይወጣል። ክላይን መከላከያ ይሆናል ያለው የባሕሩ ወለል ዋናው ገዳይ ሆነ። በእርግጥ የሳይንሱ ዕውቀት በዚያ ዘመን ገና ጨቅላ ነበር። ነገር ግን ኢንዲያኖላም የቆመችው በዚያው ጠረፍ፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ዳር ነው። የዓይን ምስክር እያለ ሰው መስማት የፈለገውን የሚያጸና ወረቀት መረጠ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የታፈነው በዋሽንግተንና በሃቫና መካከል ነው። አሜሪካ በ1898 ከስፔን ጋር ተዋግታ ኩባን ይዛ ነበር። በሃቫና የኢየሱሳውያን መነኮሳት የሚመሩት የቤሌን የአየር ጠባይ መመልከቻ ነበር። አባ ቤኒቶ ቪኜስ የሚባሉት ካህን ከ1870 ጀምረው ደመናን፣ ነፋስንና ባሮሜትርን እያነበቡ የአውሎ ነፋስን መንገድ የመተንበይ ጥበብ በዚያ አዳብረዋል። በ1893 ሲያርፉ ሥራው በደቀ መዛሙርታቸው እጅ ቀጠለ። በካሪቢያን ከነሱ የበለጠ አውሎ ነፋስን የሚያውቅ አልነበረም።

የአሜሪካ የአየር ጠባይ ቢሮ ግን የኩባን ትንበያ ይንቅ ነበር። የቢሮው ዋና ኃላፊ ዊሊስ ሙር ነበሩ። በ1900 ክረምት፣ አውሎ ነፋሱ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ኩባውያን የአየር ጠባይ መልእክት በቴሌግራፍ እንዳያስተላልፉ ተከለከሉ። ከዚያ አውሎ ነፋሱ መጣ፤ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ኩባን አቋረጠ። የዋሽንግተን ባለሙያዎች ወደ ሰሜን ታጥፎ በፍሎሪዳ በኩል ወደ አትላንቲክ ይወጣል አሉ። ኩባውያን ግን ወደ ባሕረ ሰላጤው ገብቶ ወደ ቴክሳስ እንደሚያመራ ገመቱ። ልክ የነበሩት እነሱ ናቸው። ባሕረ ሰላጤው በዚያ ሰሞን እጅግ ሞቆ ነበር፤ አውሎ ነፋሱ ከዚያ ሙቀት ጉልበት እየጠጣ ወደ ጋልቬስተን ተጓዘ።

እኛ ከሩቅ አገር የመጣን ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ እፈልጋለሁ። ትክክለኛው ዕውቀት ነበር። ያልተሰማው የተናገሩት ሰዎች ከተናቀ ወገን ስለሆኑ ነው። ንቀት የሚጎዳው የተናቀውን ብቻ ይመስለናል፤ በዚያ ሳምንት ግን ዋጋውን የከፈለው የናቀው አገር ሕዝብ ነው።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ክላይን ባሕሩን ሲያይ የሚያስጨንቅ ነገር አየ። ነፋሱ ከሰሜን፣ ማለትም ከየብስ ወደ ባሕር ይነፍስ ነበር። እንዲህ ያለ ነፋስ የባሕረ ሰላጤውን ውኃ ወደ ኋላ መግፋት ሲገባው ውኃው ነፋሱን ተቃውሞ ወደ ከተማዋ ይወጣ ነበር። ይህን ዓይነት ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም ብሎ ወደ ዋሽንግተን ቴሌግራም ላከ። በኋላ ራሱ እንደጻፈው፣ በባሕሩ ዳር እየዞረ ሰዎች ወደ ከፍተኛ ቦታ እንዲሸሹ አስጠንቅቋል፤ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን ይጠራጠራሉ። የሆነ ሆኖ መውጫው እየጠበበ ነበር። ደሴቷን ከየብስ የሚያገናኙት የባቡርና የጋሪ ድልድዮች ከሰዓት በኋላ ጨርሰው ተቆረጡ።

ከሰዓት በኋላ የባሕረ ሰላጤው ውኃና የወሽመጡ ውኃ በከተማዋ መካከል ተገናኙ። የነፋስ መለኪያው በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ካነበበ በኋላ ራሱ ተነቅሎ ሄደ። የዛሬ ባለሙያዎች በኋላ የመጣው ነፋስ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እንደነበር ይገምታሉ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውኃው በአንድ ትንፋሽ ከአንድ ሜትር በላይ ዘለለ። መጨረሻ ላይ የባሕሩ ሙላት ከ4.5 ሜትር በለጠ። የከተማዋ ከፍተኛ ቦታ 2.7 ሜትር እንደነበር አስታውሱ፤ በዚያች ሌሊት በደሴቷ ላይ ደረቅ መሬት አልነበረም።

ባሕሩ መጀመሪያ የዳርቻውን ቤቶች አፈረሰ፤ ከዚያም የፈረሱትን ቤቶች እንጨት እየወረወረ ተከታዩን ረድፍ መታ። እንዲህ እየሆነ ፍርስራሹ ራሱ ከፎቅ ቤት የሚተካከል ተራራ ሆኖ ወደ ከተማዋ ውስጥ ተገፋ። ወደ 3,600 የሚሆኑ ቤቶች ጠፉ። የአይዛክ ክላይን ቤት ጠንካራ ነው ተብሎ ወደ ሃምሳ ሰው ተጠልሎበት ነበር፤ የተረፉት አሥራ ስምንት ናቸው። ነፍሰ ጡር የነበረችው ሚስቱ ኮራ ሞተች። አስከሬኗ የተገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ የታወቀችውም በቀለበቷ ነው።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ ዳር፣ የቅድስት ማርያም የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ነበር። 93 ሕፃናትና 10 መነኮሳት ይኖሩበት ነበር። ውኃው ሲገባ መነኮሳቱ ልጆቹን ወደ ጠንካራው ሕንፃ ሰበሰቧቸው፤ መዝሙር እያስዘመሩ አረጋጓቸው። ከዚያም የልብስ ማስጫ ገመድ አምጥተው ልጆቹን ከየራሳቸው ወገብ ጋር አሰሯቸው። ሕንፃው ሲናድ አሥሩም መነኮሳት ሞቱ፤ 90 ልጆችም ሞቱ። አስከሬናቸው ሲገኝ ልጆቹ ከመነኮሳቱ ጋር እንደታሰሩ ነበር። የተረፉት ሦስት ወንድ ልጆች ብቻ ናቸው፤ በውኃው ላይ የሚንሳፈፍ ዛፍ ይዘው ቆዩ። እነዚያ መነኮሳት አንድም ልጅ ጥለው አልሸሹም። የፍቅር ጥግ ይህ ነው። ያ ሁሉ ፍቅር ግን ባሕር ዳር የተሠራን ቤት ከማዕበል ሊያድን አልቻለም፤ ልጆቹን ሊያድን የሚችለው ቀድሞ የተወሰነ ውሳኔ ብቻ ነበር።

እሑድ ሲነጋ ከተማዋ ከዓለም ተቆርጣ ነበር። ጥቂት ሰዎች በተረፈች አንዲት ትንሽ ጀልባ ተሻግረው ወሬውን አደረሱ፤ 500 ሰው ሳይሞት አይቀርም የሚል ቴሌግራም ተላከ። ብዙ የሰማ ሰው ተጋንኗል አለ። ሬሳው እጅግ በመብዛቱ መቅበር አልተቻለም። ሰባት መቶ የሚሆን አስከሬን በጭነት ጀልባ ጭነው ባሕር ውስጥ ጣሉት፤ ባሕሩ መልሶ አመጣው። ከዚያ በኋላ ባሉበት ማቃጠል ጀመሩ፤ እሳቱም ለሳምንታት ሳይጠፋ ነደደ። ይህን ለሰው የማይመኙት ሥራ እንዲሠሩ ጥቁሮች በጠመንጃ አፈሙዝ ተገደዱ። ያም አልበቃ ብሎ ጋዜጦች ጥቁሮች ሬሳ ይዘርፋሉ የሚል የሐሰት ወሬ ነዙባቸው። የከተማዋ ሐዘን ሲነገር የነሱም ድካምና በደል አብሮ መነገር አለበት።

ከአደጋው በኋላ የሆነው ግን ልብ ያነሣሣል። የሰባ ስምንት ዓመቷ አዛውንት ክላራ ባርተን ከቀይ መስቀል ጋር መጥተው እርዳታ አከፋፈሉ። ከተማዋም ሦስት መሐንዲሶች ቀጠረች፤ ከነሱ አንዱ ጄኔራል ሄንሪ ሮበርት ናቸው። ዛሬ ብዙ ማኅበራት ስብሰባ የሚመሩበትን ደንብ የጻፉት እሳቸው ናቸው። መሐንዲሶቹ ሁለት ነገር አዘዙ፤ ግንብ ይሠራ፣ ከተማዋም ከፍ ትበል አሉ። የመጀመሪያው ግንብ በ1902 ተጀምሮ በ1904 አለቀ። ቁመቱ 5.2 ሜትር፣ ርዝመቱ ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ገንዘቡ የተገኘው ከቦንድ ሽያጭ ነው፤ ቤታቸው የፈረሰባቸው የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው ገዙት።

ሁለተኛው ሥራ ይበልጥ ይደንቃል። ከ2,000 በላይ ሕንፃዎች በክሪክ ተነሡ። 3,000 ቶን የሚመዝነውን የቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን በ700 ክሪክ አንድ ላይ ጥቂት በጥቂት ከፍ አደረጉት። ከሥር የተፈጠረው ባዶ ቦታ ከባሕር በተመጠጠ አሸዋና ውኃ ተሞላ። ሰው ለዓመታት በከፍታ በተዘረጋ የእንጨት መተላለፊያ ላይ እየተራመደ፣ በጭቃውና በመጥፎው ሽታ መካከል ኖረ፤ ዛፉና አትክልቱ በጨው ደረቀ። ቤቱን የማስነሣቱን ወጪ የሚከፍለው ባለቤቱ ነበር። ሥራው በ1910 አካባቢ ሲያበቃ ከተማዋ በአዲስ መሬት ላይ ቆማ ነበር።

በ1915 ከ1900ው የማያንስ አውሎ ነፋስ መጣ። ከግንቡ ውጭ ባለው አካባቢ ብዙ ሰው ሞተ። በከተማዋ ውስጥ ግን የሞቱት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ያው ባሕር፣ ያው ደሴት፣ ያው ነፋስ ነው፤ የተለወጠው የሰው ሥራ ብቻ ነው። እንግዲህ 8,000 ሰው ካለቀ በኋላ መሠራት የቻለ ግንብ ከኢንዲያኖላ በኋላ ለምን አልተሠራም? ጥበቡም ገንዘቡም ነበር። የጎደለው ከሬሳ በፊት ማመን ነበር።

አይዛክ ክላይንም በዚያ ስሕተት ላይ ተኝቶ አልቀረም። ወደ ኒው ኦርሊንስ ተዛውሮ ለብዙ ዓመታት አውሎ ነፋስ የሚያስነሣውን የባሕር ሙላት አጠና። ከነፋሱ ይልቅ ውኃው ገዳይ መሆኑን ለዓለም ካስረዱት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ሆነ። በ1926 ያሳተመው ጥናትም የዘርፉ ትልቅ ሥራ ነው።

ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። የአትላንቲክ አውሎ ነፋሶች ብዙዎቹ የሚጠነሰሱት በአፍሪካ ሰማይ ላይ ነው፤ ሊቃውንቱ ዘራቸውን ተከትለው በኢትዮጵያ ከፍታዎችና በዳርፉር ተራሮች ዙሪያ እስከሚነሣው የክረምት ነጎድጓድ ድረስ ይደርሳሉ። ደመናው ከዚያ ተነሥቶ ምዕራብ አፍሪካን አቋርጦ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል። እኛም የምንኖረው በመንገዱ ላይ ነው። በ2005 ሪታ የተባለችው አውሎ ነፋስ ስትመጣ ሂውስተን በአንድ ጊዜ ተነቅላ መንገድ ላይ ቆማ ነበር፤ በሽሽቱ ከመቶ በላይ ሰው ሞተ። በ2008 አይክ ከግንቡ ጀርባ፣ በወሽመጡ በኩል፣ ጋልቬስተንን አጥለቀለቀ። በ2017 ሃርቪ በአንዳንድ ቦታ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጣለ። በ2024 ቤሪል ከሁለት ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን በጽኑ ሙቀት ያለ መብራት አስቀረ።

ስለዚህ እያንዳንዳችን ልናደርገው የሚገባ ነገር አለ። የምንኖርበት ቦታ ከመልቀቂያ ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑን ዛሬ እንወቅ። የቤት ኢንሹራንሳችን የጎርፍን ጉዳት አይሸፍንም፤ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ከተገዛ በኋላ ሥራ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ አውሎ ነፋሱ በቴሌቪዥን ሲታይ መግዛት አይጠቅምም። ብዙዎቻችን በሹፌርነት የምንተዳደር ነን፤ 30 ሳንቲ ሜትር የሚፈስ ውኃ ትንሽ መኪናን፣ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን ተሽከርካሪ ይወስዳል። ለአንድ ጉዞ ገቢ ተብሎ ወደ ጎርፍ አይገባም። ራሳቸውን ችለው መውጣት የማይችሉ አረጋውያንና ሕሙማን ካሉን 211 ደውለን በቴክሳስ የእርዳታ መዝገብ እናስመዝግባቸው።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ የጋራ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። በየቤቱ እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናቶችና አባቶች አሉን፤ ልጆቻቸው ሥራ ሲወጡ ብቻቸውን ይውላሉ። ስልካቸው ላይ የሚጮኸው ማስጠንቀቂያ ምን እንደሚል አይገባቸውም። እንደ ሃቫና መነኮሳት ትንበያ፣ ማስጠንቀቂያው እያለ የማይሰማ ይሆንባቸዋል ማለት ነው። እኛ ደግሞ የትም አገር ብንሄድ ይዘነው የምንሄድ እድር አለን። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ስልክ የሚደዋወል፣ ድንኳን የሚያቆም፣ ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር ነው። ይህን ያህል ፈጣን የሆነ ድርጅት ለሞት ብቻ እንዲነሣ ለምን እንተወዋለን? እድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ የአረጋውያንን ስምና አድራሻ ይመዝግብ፤ ለእያንዳንዳቸው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የሚደውል፣ መኪና ይዞ የሚመጣ አንድ ወጣት ይመደብ።

የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚጀምረው ጁን 1 ነው። ከዚያ ቀን በፊት በሚደረገው የእድር ስብሰባ ይህ ጉዳይ የመጀመሪያው አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ፣ ኃላፊም እንዲመረጥለት በትሕትና እጠይቃለሁ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ወጣቶች ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ሳትወጡ ስማችሁን ለጸሐፊው ስጡ።